የወለቀው ኮርቻ የት ገባ?

አሮጌ ብስክሌት ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። አንዱ ይመጣና “ምኑም እንዳይነካ! ይሄ ቅርስ ነው” ይለዋል። ሌላው ደግሞ “ምን ያደርግልሃል ይሄ ቁራጭ ብረት? አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ፣ አዲስ አድርጌ እሰጥሃለሁ” ይለዋል። የመጀመሪያው አማካሪ አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌት አይነዳም። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብየዳ ቤት አለው። በሁለቱ መካከል የቆመው ባለቤት ግን ኮርቻው ተሰንጥቆ፣ ሞላው አግጥጦ፣ ሱሪው እየተበላ ነው።

ዛሬ እንግዲህ ስለዚህ ኮርቻ እንነጋገር። “አገር የሚያክል ጉዳይ እያለ የብስክሌት መቀመጫ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሰኝ። በአሮጌ ነገር ላይ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚገጠም የምናውቅና የማናውቅ መሆናችን በኮርቻ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉዳዩ ግቢና ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲደርስ ግን በስብሰባና በሪፖርት ይሸፈናል። ስለዚህ ከትንሹ እንጀምር፤ ትልቁ ጋ ራሱ ይወስደናል።

*

ነቀምቴ በብስክሌት የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። የብስክሌት አገር ሜዳ ያለው ነው፤ ባሕር ዳር ነው፣ ሐዋሳ ነው። ነቀምቴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮረብታ ለኮረብታ ተንጠልጥላ ነው የምትገኘው። ዝናቧም የዋዛ አይደለም፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይወርድባታል። ጊምቢ ብትሉ፣ ነጆ ብትሉ፣ ደምቢ ዶሎ ብትሉ ያው ነው፤ ቁልቁለቱን ተቀምጦ፣ ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፉ። ዛሬ ደግሞ ባጃጅ አለ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ አሮጌ ብስክሌት ተጠብቆ ከቆየ፣ ባለቤቱ ቸግሮት ብቻ ሳይሆን ወዶትም ነው። የሚወደድ ነገር ላይ ደግሞ እጅ ሲያርፍ መጠንቀቅ አይከፋም።

የዕቃዎቹን ስም ስሙልኝ። ብስክሌት ሠሪው አማርኛም ይናገር አፋን ኦሮሞ፣ እጁ የገባው ዕቃ ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ከለመዳሪ፣ ጎሚስታ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ከነጄኔራላቸው ነበር ያስቀሯቸው፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። የጎማውና የሰንሰለቱ ስም ግን ሳይቃጠል እስከ ዛሬ አብሮን ይኖራል። ጠላትን መልሶ የቃላቱን ሣጥን ማስቀረት፣ ይሄም አንድ ዓይነት ምርኮ ነው።

መቀመጫው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። “ሴላ” የሚል አለ፤ ነገር ግን “ኮርቻ” የሚለው ቃል ጣሊያን ሳይመጣ የነበረ የራሳችን ነው። በአፋን ኦሮሞም “ኮራ” አለ፤ ወንድማማች ቃላት ይመስላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቸርኬ አናውቅም ነበር፤ ኮርቻ ግን እናውቃለን። በተለይ የሆሮ ጉዱሩ ሰው፣ የፈረስ አገር ሰው፣ ስለ ኮርቻ ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም።

የብስክሌቱም ኮርቻ ቢሆን ከፈረስ የመጣ ነው። ጆን ቦልትቢ ብሩክስ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1866 በርሚንግሃም ውስጥ የጀመረው ሥራ የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ ነበር። ድርጅቱ እንደሚተርከው ፈረሱ ሞተበትና ብስክሌት ተውሶ ቢቀመጥበት መቀመጫው ገደለው። ከዚያ የለመደውን ቆዳ በብረት ላይ ወጥሮ የራሱን ኮርቻ ሠራ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ1874 ዓ.ም.፣ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ተጋጥሞ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ፤ የፈረሰኛ ውጊያ ነበር። በርሚንግሃም ላይ አንድ ቆዳ ሠሪ ኮርቻን ከፈረስ ወደ ብረት ሲያሻግር፣ እምባቦ ላይ የወለጋ ዕጣ በፈረስ ኮርቻ ላይ ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የአሮጌው ብስክሌት ቆዳ ኮርቻ ተራ መቀመጫ አይደለም። የፈረሱ ዘመን ከብረቱ ዘመን ጋር የተጨባበጠበት ቦታ ነው። ይህን የምለው ግን “አትንኩት” ለማለት አይደለም። መንካቱንስ እንነካዋለን፤ ጥያቄው አነካኩ ነው።

*

አሁን ወደ ቴክኒኩ እንግባ፤ አሰልቺ ቢመስልም የክርክሩ ነፍስ ያለችው እዚህ ነው።

በእንግሊዞቹና የእነሱን አምሳል ይዘው በወጡት የህንድና የቻይና ብስክሌቶች ላይ፣ ኮርቻው የሚቀመጠው በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ጫፍ ላይ ነው። የዚያ ጫፍ ውፍረት 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእንግሊዞቹ ልኬት ስምንት እጅ ከተከፈለ ኢንች ሰባቱ። ኮርቻው ከሥሩ ማጥበቂያ አለው፤ ያንን ማጥበቂያ በብረቱ ጫፍ ላይ ያጠልቁትና ዳዶውን ያጠብቁታል፤ አለቀ። አዲሱ ኮርቻ ደግሞ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ውፍረታቸው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለእነዚህ ዘንጎች ተብሎ የሚሠራው አዲስ ተሸካሚ ብረት መያዣው ከራሱ ጋር የተሠራ ነው። ውፍረቱም 27.2 ወይም 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአሮጌው ብስክሌት ቱቦ ለአብዛኛው ይጠበዋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በጣም ቀላል ነው። አዲሱን ኮርቻ ብቻ ወስዶ አሮጌውን ተሸካሚ ብረት እንዳለ መተው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ወገን 7 ሚሊ ሜትሮቹን ዘንጎች፣ ከሌላው ወገን 22.2ቱን ጫፍ የሚይዝ ማጥበቂያ ይገባል። ብዙ ርካሽ አዳዲስ ኮርቻዎች ይህንኑ ማጥበቂያ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ መፍቻ፣ አሥር ደቂቃ፣ በቃ። ብስክሌቱ አንድ ጭረት አይነካውም። ነገ ባለቤቱ የድሮውን ቢያሰኘው፣ በዚያው መፍቻ፣ በዚያው አሥር ደቂቃ ይመለሳል።

ይህ እያለ ብየዳ ምን አመጣው? ሁለት ነገር ነው ያመጣው። አንደኛው አለማየት ነው። ያቺ ማጥበቂያ ከካርቶኑ ውስጥ “ትርፍ ብረት” ተብላ ትጣላለች፤ ከዚያ “አይገጥምም” ይባላል። ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። አሮጌው ተሸካሚ ብረት ዝገት ይዞት ከቱቦው አልወጣ ይላል። ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር፣ ጠዋት ነቅነቅ አድርጎ እንደገና ማጠጣት፣ ካልሆነም ሌላ ቀን መድገም እያለ፣ ሴጌቶው ይመዘዛል። ብረቱ ከአፉ ላይ ይቆረጣል። ቱቦው ይሰነጠቃል። ወፍራሙ አዲስ ብረት በመዶሻ ይገባል። እንዳይነቃነቅ ደግሞ ይበየዳል።

የድሮ ብስክሌት አካል ቀጭን ቱቦ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በመጋጠሚያው ላይ ነሐስ ቀልጦ የተጣበቀ ነው እንጂ በኤሌክትሪክ የተበየደ አይደለም። የብየዳ ማሽኑ እሳት ያንን ስስ ብረት ይበላዋል። ዛሬ የጠነከረ የሚመስለው ከዓመት በኋላ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ኮርቻ ሊያስቀይር ሄዶ ብስክሌት አጥቶ ይመጣል። “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አንድ የምትገርም ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ብስክሌት ሠሪ ልኩ ያልሆነ ቀጭን ብረት ሲገጥመው ከጣሳ ላይ ቆርቆሮ ቀድዶ ይጠቀልልበትና ያስገባዋል። ይህንን ያየ የከተማ ሰው “ወይ ያገራችን ነገር፣ ሁሉም ነገር በጥገና” ብሎ ይስቃል። የተበየደውንና የተቀባውን ሲያይ ግን “ይኼ ጥሩ ሠርቷል” ይላል። እኔ ደግሞ ተገላቢጦሹን እላለሁ። ብረቱ እስከ ጥልቁ ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም እስካልቀረው ከገባ፣ የጣሳው ቆርቆሮ ምንም አልበደለም። አስቀያሚ ነው፤ ግን ይወጣል። ብየዳው ቆንጆ ነው፤ ግን አይወጣም። ባለ ጣሳው ለሚቀጥለው ሰው በር ትቷል። ባለ ብየዳው በሩን ዘግቶ ቁልፉን አቅልጦታል።

*

ሌላም ነገር አለ። ኮርቻ ሁሉ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው።

የድሮው ብስክሌት ነጂ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። መሪው ከፍ ያለ ነው፤ ጀርባ አይጎብጥም፤ ኮፍያ ቢደረግም አይወድቅም፤ ሰላምታም እጅ ነስቶ መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ክብደቱ በሙሉ ኮርቻው ላይ ነው። ስለዚህ ኮርቻው ሰፊና ባለ ሞላ ሆነ። የዛሬው ቀጭን የውድድር ኮርቻ ደግሞ ለተጎነበሰ ሰው የተሠራ ነው፤ የተጎነበሰው ግማሽ ክብደቱን በእጁና በእግሩ ይሸከመዋል። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የተቀመጠበት ዓይነት ኮርቻ ለእሱ አቀማመጥ ልክ ነው። ያንን ዓይነት አምጥቶ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ የስድሳ ዓመት ሰው መስጠት ግን ቅጣት ነው።

“ዘመናዊ ስለሆነ የተሻለ ነው” የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ለማን የተሻለ? እንዴት ለተቀመጠ? ዕቃው ካታሎግ ላይ ሲታይ ሳይሆን ሰውየው ላዩ ላይ ሲወጣ ነው የሚመዘነው። የሆሮ ፈረሰኛ ይህን ያውቃል። የማይሆን ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ ይገጥበዋል፤ ፈረስ መናገር ስለማይችል ቁስሉ የሚታየው ኮርቻው ሲወርድ ነው። ከሌላ አገር፣ ለሌላ አቀማመጥ ተሠርተው እኛ ላይ የሚጫኑ ብዙ ነገሮችም ቁስላቸው የሚታየው ከወረዱ በኋላ ነው።

ስፖንጅ የተሞላው አዲስ ኮርቻ በነቀምቴ ክረምት ሌላም ጠባይ አለው። ሽፋኑ አንዴ ከተቀደደ ውኃውን ጠጥቶ ይቀመጣል። ሲቀመጡበት የደረቀ ይመስላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ስጦታውን ይሰጣል። ቆዳውም ቢሆን ዝናብ ጠላቱ ነው፤ ግን ቆዳ በሞራ ይታሻል፣ ይታደሳል። ስፖንጅ የሚታሽበት ነገር የለውም።

*

አሁን ደግሞ ወደ መጀመሪያው አማካሪ፣ ወደ “ምኑም እንዳይነካ” ባዩ እንመለስ። ብየዳውን ስለነቀፍኩ ወገኑ የሆንኩ እንዳይመስለው።

አንድ ጡረታ የወጣ መምህር አስቡ። ብስክሌቱን በደመወዙ ገዝቶ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለሰበት። ዛሬም ገበያ ይሄድበታል። የቆዳ ኮርቻው ተሰንጥቋል፤ ወገቡም እንደ ድሮው አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣው የልጁ ጓደኛ ብስክሌቱን ሲያይ ይደነግጣል። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው! ኮርቻውን እንዳይቀይሩት! ዋጋው ይወድቃል!” ይላል። የማን ዋጋ? መምህሩ ሊሸጠው መቼ አሰበ? ልጁ የሚያየው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ ነው፤ መምህሩ የሚያየው ቅዳሜ ገበያ የሚወስደው እግሩን ነው።

ይህ የግድግዳ ፍቅር በዝቷል። “ባህላዊ” የተባለው ሆቴልና ካፌ ሁሉ አሮጌ ሬዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ፋኖስ፣ ብስክሌት ሰብስቦ ይሰቅላል። ሬዲዮው አይናገር፣ መኪናው አይሰፋ፣ ብስክሌቱ አይሄድ። ከሥሩ ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን “ወይ ጊዜ!” እንላለን። ዕቃውን ወደድነው ወይስ እኛ ዕቃውን ስንወድ መታየቱን ወደድን? የሚሠራን ነገር ሥራ አስፈትቶ መስቀል ማክበር ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። ሙዚየም ሲሆን ሌላ ነው፤ እዚያ ዕቃው የማን እንደነበረ፣ ለምን እንዳገለገለ ይጻፍለታል። ካፌው ግድግዳ ላይ ግን ስሙን አጥቶ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለነገሩ ኮርቻ እንዲያልቅ የተሠራ ዕቃ ነው። ጎማም እንዲሁ፣ ፍሬንም እንዲሁ። ብስክሌቱን የሠራው ሰው ኮርቻውን በብየዳ ሳይሆን በዳዶ ያሰረው ለምን ይመስላችኋል? እንዲፈታ ነዋ! የዕቃው አሠራር ራሱ “ይህ ይለወጣል፣ ያኛው ይቆያል” ብሎ ለይቶ ነግሮናል። ስለዚህ የሚለወጠውን አትለውጡ የሚለው ቅርስ ወዳድ፣ የሚቆየውን ከሚቆርጠው ባለ ሴጌቶ ጋር አንድ ስህተት ነው የሚሠሩት። ሁለቱም ዕቃው የሚለውን አልሰሙም።

*

ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ ማንም አያነሳውም። የተሰነጠቀውን የቆዳ ኮርቻ ማሳደስ።

የቆዳ ኮርቻ ሁለት ነገር ነው፤ የብረት አጥንትና በላዩ የተወጠረ ወፍራም ቆዳ። ቆዳው ከፊትና ከኋላ በሪቬት ተይዟል። አጥንቱ ደህና ከሆነ፣ የድሮዎቹን ሪቬቶች አውጥቶ፣ ከከብት ጀርባ የተገኘ ጥቅጥቅ ያለ ጥሩ የተፋቀ ቆዳ በውኃ አርሶ፣ በአጥንቱ ላይ ወጥሮ፣ እስኪደርቅ ቅርጽ አስይዞ መልሶ መምታት ይቻላል። የሚያስፈልገው ቆዳ፣ መዶሻ፣ መቁረጫና የለመደ እጅ ነው። ይህን ሥራ የፈረስ ኮርቻ የሚሠራ ሰው ወይም ጎበዝ ጫማ ሰፊ ካዩት ይገባቸዋል።

ከብት በሞላበት አገር፣ ፈረስ በሚጫንበት አገር፣ የቆዳ ኮርቻ የሚያድስ ሰው መፈለግ ለምን ለአእምሯችን አይመጣም? መልሱ ደስ አይልም። ቆዳ የሚፍቀውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠሪን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ላይሰማ ይችላል። ነገር ግን ልጁን ለዚያ ሙያ የሚሰጥ ወላጅ ስንት ነው? በርሚንግሃም ላይ ያው የፈረስ ዕቃ ሠሪ በስሙ ፋብሪካ ቆመለት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጣሊያን ኩባንያ ሲገዛው እንኳ ስሙ አልተቀየረም። የእኛው ኮርቻ ሠሪ ስም ግን ከሰፈሩ አልወጣም። ከዚያ ስፖንጅ ከባሕር ማዶ እናስመጣለን። የራሱን ባለሙያ አዋርዶ የሰው ስፖንጅ ላይ የተቀመጠ ሰው መቀመጫው ቢቆረቁረው ማንን ይከሳል?

*

አሁን ትልቁ ጋ ደረስን።

ነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ አለ። የለቃው ገዢ ሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ፣ በኋላ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ የኖሩበት ነው። እንጨት የበዛበት ግቢ ነው፤ ዝናቡም የወለጋ ዝናብ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፤ ጣሪያ ያፈስሳል፤ አንድ ቀን የሚለወጥ ነገር ይኖራል። “አትንኩት” ቢባል ይወድቃል። “በሲሚንቶና በአሉሚኒየም አሳምሩት” ቢባል ደግሞ ቆሞም ይሞታል። እንደዚህ ያለ ግቢ የሚፈልገው ያንን የ22.2 ሚሊ ሜትር ጥንቃቄ ነው፤ አሮጌው እንዳለ ሆኖ፣ አዲሱ ለአሮጌው ልክ ተሠርቶ፣ ነገ ቢፈለግ እንዲፈታ ተደርጎ።

ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም የጥገና ባለሙያዎች ቬኒስ ላይ ተሰብስበው ባወጡት ቻርተር፣ የጎደለውን የሚተካው አዲስ ክፍል ከነባሩ ጋር ተስማምቶ፣ ግን ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ብለዋል። ማለትም አትዋሽ፤ አዲሱን አሮጌ አታስመስለው፤ አሮጌውንም አታጥፋው። የጣሳው ቆርቆሮ ሳያውቀው ይህን ሕግ አክብሯል።

ነገር ግን “ይፈታል” መባሉ ብቻውን እንደማይበቃ ላሊበላ አስተምሮናል። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ አርባ ዓመት ያለፈው ላሊበላ ላይ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ግድም ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ሐሳቡ ጊዜያዊ እንዲሆኑ፣ ጥገናው ሲያልቅ እንዲነሱ ነበር። አሥር ዓመት አለፈ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ መጠለያው በራሱ ለአብያተ ክርስቲያናቱ አደጋ ሆኗል፣ ይነሳልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ መጥተው እርዳታ ቃል ገቡ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዳዶው ቢኖርም መፍቻውን የያዘ ሰው ከሌለ፣ የሚፈታበትም ቀን ካልተቆረጠ፣ ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል። ብየዳ ማለት እሳት ብቻ አይደለም፤ መርሳትም ይበይዳል።

*

ስለዚህ በአሮጌ ነገር ላይ አዲስ የሚገጥም ሁሉ፣ ብስክሌት ሠሪም ይሁን ከንቲባ፣ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ይፈታል ወይ? ሁለተኛ፣ ለሚቀመጥበት ሰው ልክ ነው ወይ? ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ የወለቀው የት ገባ?

አዎ፣ የወለቀው። እኛ አገር አዲስ ሲገባ አሮጌው ወዲያው ይጠፋል። የመንገድ ስም ሲቀየር የድሮው ታርጋ አይገኝም። መሥሪያ ቤት ሲታደስ የድሮው መዝገብ ለሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። ትምህርት ቤት አዲስ ዴስክ ሲያገኝ ስንት ተማሪ ስሙን የቀረጸበት የድሮው ዴስክ ማገዶ ይሆናል። ያኔ “መመለስ ይቻላል” የሚለው ነገር ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ የሚመለሰው የለማ!

ለብስክሌቱ ግን መልሱ ቀላል ነው። ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ብስክሌት ሠሪው ጋ ሲሄዱ እንዲህ ይበሉት፦ “ወንድሜ፣ ሴጌቶውን አስቀምጥልኝ። ብየዳም አያስፈልግም። ይቺን ማጥበቂያ ተጠቀም። ብረቱ እምቢ ካለ ናፍጣ አጠጣውና ነገ እመጣለሁ።” ሰፋ ያለ፣ ሞላ ያለው ኮርቻ ይምረጡ። የወለቀውን ቆዳ ከነማጥበቂያው በጨርቅ ጠቅልለው፣ ውኃ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ያስቀምጡ። ጠቅላላው ወጪ አንድ ኮርቻና አንድ ቀን ትዕግሥት ነው።

ከዚያ ይንዱት። ገበያ ይሂዱበት፤ ለቅሶ ይድረሱበት፤ ዳገቱን ይግፉት። ምናልባት አንድ ቀን የልጅ ልጅዎ ቆጥ ላይ ወጥቶ ያንን ጥቅል ይፈታና “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ ባይኖሩም ብስክሌቱና ኮርቻው ስለሚገጣጠሙ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ቸር እንሰንብት።